ብቻውን አይነካም፣ ሰው ሲጫን ይነካል፦ ዝቅ ባለች ጎልፍ ላይ የተገጠመ ስፔሰር የጉዳይ ጥናት

ባለመኪናው የመጣው «ጎማው ይጮሃል» ብሎ ነው። ብቻውን ሲነዳ ምንም የለም። ከኋላ ሁለት ሰው ተቀምጦ መንገዱ ዝቅ ብሎ ሲነሳ ግን በኋላ ግራ በኩል «ጥርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወፍራም ካርቶን ላይ ቢላ ሲጎተት እንደሚሰማው ያለ።

መኪናዋን በክሪክ ከማንሳቴ በፊት እጄን በኋላ ግራው ጎማ ትከሻ ላይ አሳለፍኩ። ከውጪው ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ገባ ብሎ ጎማውን ዙሪያውን የከበበ ለስላሳ መስመር አለ። ሌላው ቦታ ላይ ያለው ሻካራነት እዚያ ጠፍቶ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራል። በመስመሩ ላይ ደግሞ አለፍ አለፍ እያሉ ትንንሽ ንክሻዎች አሉ። ይህ ወዲያው ሁለት ነገር ነገረኝ። ለስላሳውን መስመር የሠራው የፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ንክሻውን ግን ለስላሳ የታጠፈ ቆርቆሮ አይሠራውም፤ እዚያ ውስጥ አንድ የሾለ ነገር አለ። በቀኙ ጎማ ላይ አንዱም አልነበረም።

መኪናዋ የ2006 ቮልስዋገን ጎልፍ 5 ጂቲአይ ናት። ሞላዎቿ በ40 ሚሊሜትር ዝቅ በሚያደርጉ ሞላዎች ተቀይረዋል። ቸርኬዎቹ የፋብሪካው አይደሉም፤ ባለ 18 ኢንች፣ ስፋታቸው 8 ኢንች፣ ኦፍሴታቸው ኢቲ 45 ነው። ጎማው 225/40 አር 18። በዚህ ላይ ፊት 15፣ ኋላ 20 ሚሊሜትር ስፔሰር፣ ማለትም ቸርኬው በሚታሰርበት ሞዞና በቸርኬው መካከል የሚገባ ዝርግ ቀለበት፣ ተጨምሯል። ስፔሰሩን የገጠመው ባለመኪናው ራሱ ሲሆን፣ «ፊት 15፣ ኋላ 20» የሚለውን ልክ ያገኘው ያችኑ ዓይነት መኪና ከሚነዳ ወዳጁ ነው። የወዳጁም መኪና በዚያው መጠን ዝቅ ብላለች፤ እሷ ግን አትነካም።

«እንግዲህ ወይ ስፔሰሩን ላውጣው፣ ወይ ፓራፋንጎውን እናስመታው፤ የቱ ይሻላል ጋሼ?» አለኝ።

ሳልለካ ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ባለ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ያለ ልኬት ቆርቆሮ ይመታል፣ ቀለም ይሰነጠቃል፣ ዝገት ይጀምራል፤ ጎማው ደግሞ ወይ መንካቱን ይቀጥላል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ያ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

የወዳጅ ቁጥር

መጀመሪያ የጠየቅኩት የወዳጁ መኪና ላይ ያለው ቸርኬ ምን እንደሆነ ነው። ደወለለት። የፋብሪካው ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ነው፤ ስፋቱ 7.5 ኢንች፣ ኢቲ 51፣ ጎማው 225/45 አር 17። ነገሩ ግማሽ በግማሽ እዚያው ላይ ተፈታ።

ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ስፋት እኩሌታ ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጪ እንደራቀ የሚነግር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ ቸርኬው ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ሲያንስ ወደ ውጪ ይወጣል። ስፔሰር የሚሠራው ይህን ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው። ኢቲ 45 ላይ 20 ሚሊሜትር ስትጨምር ቸርኬህ ኢቲ 25 ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወረቀት ላይ እናስቀምጠው። የፋብሪካው ቸርኬ ስፋት 7.5 ኢንች ማለት 190.5 ሚሊሜትር ነው፤ እኩሌታው 95.25። ከዚህ ላይ 51 ስንቀንስ የቸርኬው የውጪ ጠርዝ ከሞዞው ፊት 44 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። የእኛው ቸርኬ እኩሌታ 101.6 ነው፤ 45 ስንቀንስ 56.6። ስለዚህ ይህ ቸርኬ ምንም ስፔሰር ሳይገባበት ከፋብሪካው ከ12 ሚሊሜትር በላይ ወጥቶ ነው የሚቆመው። ባለመኪናው ቸርኬውን የገዛ ዕለት ሳያውቀው የ12 ሚሊሜትር ስፔሰርም አብሮ ገዝቷል። በላዩ ላይ የወዳጁን 20 ሲጨምር ጠቅላላው 32 ሆነ።

የጎማው ስሌት ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ የሚነካውም ጎማው ስለሆነ ለብቻው መሠራት አለበት። 225/45 አር 17 በ7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 225 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። 225/40 አር 18 በ8 ኢንች ላይ ደግሞ 230 ይጠጋል። በዚህ ሒሳብ የወዳጁ የኋላ ጎማ ከነስፔሰሩ ከሞዞው ፊት 81.5 ሚሊሜትር ወጥቷል። የእኛው 90። የ8.5 ሚሊሜትር ልዩነት በቃል ትንሽ ይመስላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ግን የመንካትና ያለመንካት ልዩነት ነው።

ከውስጥ በኩልም አሰብኩት። ብዙ ሰው ስፔሰር የሚገባው ሰፊ ቸርኬ ሾኩን እንዳይነካ ነው ብሎ ያምናል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። እዚህ ግን የአዲሱ ቸርኬ የውስጥ ጠርዝ ከፋብሪካው ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በዚህች መኪና ላይ ስፔሰር የገባው ለመልክ ብቻ ነው። ለመልክ መግጠምን አልቃወምም፤ መኪናዋ የቆመችበትን ሁኔታ እኔም እወደዋለሁ። ይህን ማወቁ የሚጠቅመው ግን ስፔሰሩን ብንቀንሰው ወይም ብናወጣው በውስጥ በኩል ምንም ችግር እንደማይመጣ ስለሚያረጋግጥልን ነው።

ድምፅ ያልነበረው አደጋ

ጎማውን ለመፍታት የመጀመሪያውን ብሎን ስይዝ ቁልፉ በጣም ቀለለኝ። በኋላ ግራ ካሉት አምስት ብሎኖች ሁለቱ የተፈቱት በእጅ ግፊት ያህል ነው። አንዱን አውጥቼ ብርሃን ላይ አየሁት። ከራሱ ሥር ያለው መቀመጫ ክብ ነው፣ የኳስ ግማሽ የመሰለ። ቸርኬው ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሾጣጣ ነው፣ እንደ ማጥለያ ጉሮሮ ቀጥ ብሎ የሚጠብ። በብሎኑ ክብ ፊት ላይ እንደ ክር የቀጠነ አንድ የሚያበራ ቀለበት ብቻ ይታያል። ብሎኑ ቸርኬውን የያዘው በዚያች ክር ስፋት ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቮልስዋገን የፋብሪካ ቸርኬ የሚታሰረው ክብ መቀመጫ ባለው ብሎን ነው። ከውጪ የሚገዙ ቸርኬዎች ደግሞ ብዙዎቹ 60 ዲግሪ ሾጣጣ መቀመጫ አላቸው። ከስፔሰሩ ጋር አብረው የመጡት ረጃጅም ብሎኖች ለፋብሪካው ቸርኬ የተሠሩ ነበሩ። ጥርሳቸው ትክክል ነው፣ ኤም 14 በ1.5። ርዝመታቸውም ትክክል ነው፤ የፋብሪካው 27 ሚሊሜትር ስለሆነ ለ20 ስፔሰር 47 መሆን ነበረበት፣ 47 ነው። ሲጠብቁም ጥብቅ ይላሉ። የተሳሳተው ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው መቀመጫቸው ብቻ ነው። ክብ ነገር ሾጣጣ ውስጥ ሲቀመጥ የሚነካካው በቀጭን መስመር ነው፤ አሉሚኒየሙ በዚያ መስመር ላይ ቀስ በቀስ ይጨፈለቃል፣ የብሎኑ ውጥረትም አብሮ ይወርዳል። ቀጥሎ ብሎኑ መላላት ይጀምራል።

ባለመኪናው የመጣው ለድምፅ ነው። የሚጮኸው ጎማ ግን ሕይወቱን አያጠፋም ነበር፤ ዝም ያለው ብሎን ሊያጠፋ ይችል ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ስፔሰር ሲገጥም፣ ብሎኑንና የቸርኬውን ቀዳዳ ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይኑ ሳያይ አንድም ጎማ እንዳያስር እለምናለሁ።

ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተጎዱ ለማወቅ ሾጣጣ መቀመጫ ያለው አዲስ ብሎን ወስጄ መቀመጫውን በማርከር ቀባሁት፣ በእጅ አስገብቼ በመጠኑ አጠበቅኩት፣ ከዚያ ፈታሁት። ቀለሙ ሾጣጣው ዙሪያ ላይ በሰፊው፣ ሳይቆራረጥ ተነሥቷል። በሃያውም ቀዳዳ እንዲሁ አደረግኩ። ጭረቱ ላይ ላዩን ስለነበር ቸርኬዎቹ ተረፉ። ቀለሙ በአንድ ወገን ብቻ ቢነሣ ኖሮ ያ ቸርኬ ወደ መኪናዋ አይመለስም ነበር።

በዚያው ሌላ ነገርም ተገኘ። የጎልፍ ሞዞ መሃሉ ላይ ያለው አንገት 57.1 ሚሊሜትር ነው፤ ስፔሰሩም በዚያው ልክ አንገት አለው። የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ልዩነቱን የሚሞላው የፕላስቲክ ቀለበት ነው። የኋላ ግራው ቀለበት የለም። «በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ባላንስ ነው ብዬ ነበር» አለኝ። ቀለበቱ ተተካ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ።

ሞላውን አውጥቶ መለካት

ወደ መንካቱ እንመለስ። መኪና ቆሞ ሳለ በፓራፋንጎና በጎማ መካከል ያለውን ክፍተት በጣት መለካት ማንንም አይጠቅምም። የሚነካው ቆሞ ያለው ጎማ አይደለም፤ ወደ ላይ የወጣው ጎማ ነው። ስለዚህ ጎማውን ሊደርስበት እስከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ ማድረስና እዚያ ላይ መለካት ያስፈልጋል።

በዚህች መኪና ይህ ከሌሎች ይቀላል፤ ምክንያቱም ከኋላ ሞላውና ሾኩ ተለያይተው ነው የተቀመጡት። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። መኪናዋን በጽኑ መደገፊያ ላይ አሳርፌ፣ ሞላውን በመጭመቂያ ይዤ አወጣሁት፣ ሾኩን እንዳለ ተውኩት፣ ጎማውን ከነስፔሰሩ መልሼ አሰርኩ፣ ከዚያ በታችኛው ክንድ ሥር ክሪክ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አነሣሁ። የሚገፋ ሞላ ስለሌለ ጎማው ሰውነቷን ሳያነሳ ብቻውን ይወጣል። የሾኩ ስቶፐር (ሾኩ እስከ መጨረሻው እንዳይጨመቅ የሚያግደው አረፋ) እስኪጨመቅና መኪናዋ ከመደገፊያው ለመነሣት እስክትል ድረስ ሄድኩ። ሞላ ሲወጣ እጅ ወደ ሥሩ አይገባም፤ መጭመቂያው የተበላሸ ከሆነ ሥራው ያኔውኑ ይቁም።

የለካሁት ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ቁመት ነው። መኪናዋ በራሷ ክብደት ቆማ በሁለቱም በኩል 340 ሚሊሜትር ነበር። ጎማው ከመሃሉ እስከ አናቱ 319 ያህል ስለሆነ ቆሞ የሚታየው ክፍተት 21 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከ21 ሚሊሜትር በላይ በተጨመቀ ቁጥር የጎማው አናት ከከንፈሩ ከፍ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው፤ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ይህ የሁልጊዜ ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይገባል ወይ አይገባም አይደለም፤ ሲገባ በከንፈሩ በስተውስጥ ያልፋል ወይ ነው።

በቀኝ በኩል ስቶፐሩ ላይ ሲደርስ ቁመቱ 292 ላይ ቆመ። በጎማው ትከሻና በከንፈሩ መካከል 3 ሚሊሜትር ቀርቷል። ጠባብ ነው፣ ግን አልነካም።

በግራ በኩል ጎማው 288 ላይ ነካ። ክሪኩ ግን አልቆመም፤ ጎማውን አውጥቼ ባዶ ሞዞውን ሳነሣው እስከ 275 ሄደ። ከቀኙ በ17 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ።

አንድ ዓይነት ሞላ፣ አንድ ዓይነት ሾክ፣ አንድ ዓይነት ስፔሰር ይዞ ለምን 17 ሚሊሜትር? የግራውን ሾክ የአቧራ መከላከያ ወደ ታች ሳብኩት። በዘንጉ ላይ የሚሰካው የአረፋ ስቶፐር ግማሹ የለም። የቀረውን በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። የቀኙ አርጅቷል እንጂ ሙሉ ነው።

ይህ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። መኪና በአጭር ሞላ ዝቅ ሲል፣ ጎማው ሊወጣበት የሚችለው የመጨረሻ ከፍታ በራሱ አይለወጥም። ያንን የሚወስነው ሞላው ሳይሆን ስቶፐሩ ነው። በፋብሪካው ከፍታ ላይ ጎማው ወደዚያ የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ሲወድቅ ነበር። 40 ሚሊሜትር ዝቅ ስትል ግን መንገዱ ግማሽ በግማሽ አልቋል፤ ሁለት ሰው ሲቀመጥ የቀረውም ያልቃል፤ ስቶፐሩ በየቀኑ፣ በየጎድጓዳው ይመታል። ባረጀ መኪና ላይ ያ አረፋ ለዚህ ሥራ አቅም የለውም፤ ይፈረካከሳል። ሲፈረካከስ ደግሞ ጎማው ፋብሪካው አስቦት ወደማያውቀው ከፍታ ይወጣል። ከከንፈሩ በላይ ደግሞ የጎማው ቤት ወደ ውስጥ እያዘነበለ ይጠባል። በ292 ላይ በ3 ሚሊሜትር የሚያልፍ ጎማ በ288 ላይ የሚነካው ለዚህ ነው። ብዙ ገጣሚዎች አጭር ሞላ ሲያስገቡ አሮጌውን ስቶፐር ሳያዩ መልሰው ይሰኩታል፤ የዚህችም መኪና ታሪክ ይኸው ነው።

ሁለተኛ ምክንያትም ነበር። አላይመንት ላይ አስለክተን ስናይ የቀኝ ኋላ ካምበር (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል) 1.75 ዲግሪ ወደ ውስጥ ሲሆን የግራው 1.25 ነው። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ባዘነበለ መጠን ትከሻው ከከንፈሩ ይሸሻል። በዚህ ጎማ ራዲየስ አንድ ዲግሪ አናቱን 5.5 ሚሊሜትር ያህል ያስገባዋል፤ ግማሽ ዲግሪ ደግሞ ወደ 3። ግራው ያንን 3 ሚሊሜትር አጥቶ ነበር። ከቀኙ ጋር ሲተያይ ቀኙ ላይ የቀረው 3 ሚሊሜትር መሆኑን ልብ ይሏል።

ንክሻውን ያመጣው የሾለ ነገርም ተገኘ። የኋላው ባምፐር ጫፍ ከፓራፋንጎው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ በከንፈሩ ሥር፣ ቶርክስ ራስ ያላት ትንሽ ብሎን አለች። ራሷ ተልጦ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጥቁር የጎማ ዱቄትም ዙሪያዋን ለጥፏል።

የፊቱ ሌላ ጉዳይ ነው

ፊት ላይ ባለመኪናው የመንካት ቅሬታ አልነበረውም። ስጠይቀው ግን መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ሲሄድ «ሽው» የሚል ነገር እንደሚሰማ ነገረኝ። የፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ፣ በኋለኛው ጎን፣ ጎማው የጠረገው ቅስት አለ።

ኋላ ያለው ጎማ የሚወጣውና የሚወርደው ብቻ ነው። የፊቱ ይዞራልም። ስፔሰር ሲገባ ጎማው መሪው ከሚዞርበት ዘንግ ይርቃል፤ ስለዚህ ሲዞር የሚጠርገው ክብ ይሰፋል። 15 ሚሊሜትር ወደ ውጪ የወጣ ጎማ 40 ዲግሪ ሲዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ 10 ሚሊሜትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ፊት ላይ መጀመሪያ የሚነካው ከላይ ያለው ከንፈር ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያለው ሽፋን የሆነው በዚህ ነው። መሪውም ይለወጣል፤ ጎማው ከዘንጉ ሲርቅ የመንገዱ ቦይና ጠርዝ መሪውን ይጎትተዋል። «በሁለት እጄ አጥብቄ ካልያዝኳት ወደ ጎን ትላለች» ያለው ነገር ለእኔ ከድምፁ የበለጠ ክብደት ነበረው።

ፊቱ ላይ ያለኝ አቋም ያን ጊዜም አሁንም አንድ ነው። ቸርኬው ብቻውን 12 ሚሊሜትር ካወጣ የፊት ስፔሰር አያስፈልግም። አስወጣሁት። ሲወጣ ግን ብሎኑም አብሮ መውጣት አለበት። የ42 ሚሊሜትር ብሎን ያለ ስፔሰር ቢታሰር በሞዞው ጀርባ 15 ሚሊሜትር ይተርፋል፤ እዚያ የሚዞር ሁሉ ከማይዞረው ጋር ይጋጫል። የፋብሪካውን ክብ ብሎን መመለስም አይቻልም፣ ቸርኬው ሾጣጣ ነውና። 27 ሚሊሜትር ሾጣጣ ብሎን አስፈለገ።

የወሰንነው

ባለመኪናው የኋላ ፓራፋንጎ እንዲመታ ይፈልግ ነበር፤ 20ውን ስፔሰር ሳይለቅ። አልፈቀድኩለትም። የኋላው ከንፈር የውጪውና የውስጡ ቆርቆሮ አንድ ላይ የተጣጠፉበት ነው፤ በመካከሉ ውኃ እንዳይገባ የተቀባ ማሸጊያ አለ። በሙቀትና በሚንከባለል መሣሪያ በጥንቃቄ የሚያስተኙት ባለሙያዎች አሉ፤ ማሸጊያው ሲሰነጠቅ ግን ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ቀለሙ እስኪነፋ ድረስ አይታይም። ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚሠራ ሥራ ነው። እኛ ገና አራት መንገድ ነበረን።

ኋላ ላይ 20ው ወጥቶ 10 ሚሊሜትር ገባ። ይህን ልክ ከየት አመጣሁት? ከወዳጁ መኪና። በ10 ስፔሰር የእኛ ጎማ ከሞዞው ፊት 80 ሚሊሜትር ይወጣል፤ የወዳጁ 81.5 ነው፣ አይነካምም። ቸርኬው ደግሞ ከወዳጁ በ2 ሚሊሜትር ብቻ ይበልጣል፤ ዓይን አይለየውም። ባለመኪናው ከመጀመሪያውም የፈለገው ያንን መልክ ነበር፤ ያገኘውም ያንኑ ነው። 15 ቢገባስ? በክሪኩ ልኬት 15ም ያልፋል። ግን ክሪክ ማዞሪያ ላይ አያዞርም። ከባድ ማዞሪያ ሲመጣ የክንዶቹ ጎሚኒዎች ይተጣጠፋሉ፣ በውጪ በኩል ያለው ጎማ አናቱ ወደ ውጪ ይገፋል፤ ለዚያ ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ሁለቱም የኋላ ስቶፐሮች ተቀየሩ። አንዱን ብቻ መቀየር ግራና ቀኙን እንደገና ያለያየዋል። የግራው ካምበር ወደ 1.75 ተመለሰ፤ ቶውም (ጎማዎቹ ከፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚዞሩበት ልክ) አብሮ ተስተካከለ፣ ጎማን ቶሎ የሚበላው ከካምበር ይልቅ የቶው መዛባት ነውና። የባምፐሯ ብሎን ራሱ ጠፍጣፋ በሆነ ተተካ።

የመግጠሙ ሥራ አጭር ነው፤ ግን አይቸኮልበትም። ሞዞው ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ተነሣ። አንዲት የዝገት ቅርፊት ስፔሰሩን ካነሣችው ቸርኬው ተንጋዶ ይዞራል። ስፔሰሩን ባዶውን አስቀምጬ በእጄ ለማወዛወዝ ሞከርኩ፤ አልተነቃነቀም፣ በጠርዙም ብርሃን አያሳልፍም። 37 ሚሊሜትር ሾጣጣ ብሎኖችን በእጅ አስገብቼ ዙራቸውን ቆጠርኩ። ለኤም 14 በ1.5 ጥርስ ከ7 ተኩል ዙር በታች ከሆነ አላስርም፤ እኔ የምፈልገው 9 ነው፣ 9 ተኩል አገኘሁ። ከዚያ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር፣ በቶርክ ሬንች 120 ኒውተን ሜትር።

በጠመኔ መሞከር

የከንፈሩን የውስጥ ጎን በሁለቱም በኩል ነጭ ጠመኔ ቀባሁት። ሦስት ሰው ከኋላ ተቀመጠ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥም ከባድ ዕቃ ገባ፤ ድምፁ ይሰማበት የነበረውን መንገድ በዚያው ፍጥነት ሁለት ጊዜ ሄድንበት፣ አንድ ጊዜ ቀጥታ፣ አንድ ጊዜ እያዞርን። ጠመኔ የሚሻለው ጆሮ የሚያልፈውን ስለሚይዝ ነው። ቀላል ንክኪ ድምፅ ላያሰማ ይችላል፤ ጎማው ላይ ግን ነጭ መስመር ይተዋል።

ከኋላ ምንም አልነበረም። የቀኙ ጠመኔ እንደተቀባ ነው፣ የግራውም እንዲሁ። ፊት ላይ ግን በግራ በኩል መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝ ሽፋኑ አሁንም ጎማውን ትንሽ ይነካል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሽፋኑን የሚይዘው ክሊፕ ከቀድሞው መቧጨር ተነቅሎ ወድቋል፤ ፕላስቲኩ ወደ ጎማው ተንጠልጥሏል። አዲስ ክሊፕ ገባ፣ አለቀ።

80 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳ በኋላ ለብሎኖቹ ዳግም ማጥበቂያ መጣ። ይህ መቅረት የለበትም፤ በሞዞ፣ በስፔሰርና በቸርኬ መካከል ሁለት መጋጠሚያ ስላለ በመጀመሪያው ጉዞ ትንሽ ተጨቁነው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከሃያው ብሎን ሦስቱ ሬንቹ «ቀጭ» እስኪል በጥቂቱ ዞሩ፤ ሦስቱም የኋላ ናቸው። ሌሎቹ አልተንቀሳቀሱም። መሪው አሁን ወደ ጎን እንደማይጎትት እኔ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

ሲሄድ የ15ቱንና የ20ውን ስፔሰር ከነብሎኖቹ በእጁ ይዞ ነበር። «ታናሽ ወንድሜ ጎልፍ ገዝቷል፤ ለእሱ ልስጠው ጋሼ?» አለኝ።

«ቸርኬው የፋብሪካው ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ጎማውን አስፈታና የቸርኬውን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ኢቲ ቁጥሩ ይታይ። የብሎን ቀዳዳውንም ለብቻው ከቅርብ አንሣው።»

በማግስቱ ፎቶዎቹ መጡ። ኢቲ 51፣ ባለ 17 ኢንች። ቀዳዳው ክብ ነው። ለዚህች መኪና ስህተት የነበሩት ብሎኖች ለዚያችኛዋ ልክ ናቸው። «ኋላ 20ው ይሆናል» ብዬ ጻፍኩለት፤ «ስቶፐሩን ሳያይ ግን እንዳይገጥም።»